የቀለህ መሙያ ጠረጴዛ፦ የኋላ እግሮቹ ለምን ይነሣሉ?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ኮሎራዶ ነው። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር አደን እወጣለሁ። የተተኮሰ ቀለህ፣ ማለት የጥይቱን ባዶ ቀፎ፣ መልሼ ልሙላ ብዬ በአንድ ጊዜ አንድ ቀለህ የሚሠራ ፕሬስ፣ በእጀታ የሚጎተት መጨመቂያ፣ ገዛሁና ከቢሮ በተጣለ ጠረጴዛ ላይ አሰርኩት። እጀታውን ወደ ታች ስጎትት የጠረጴዛው የኋላ እግሮች ከወለሉ ይነሣሉ፤ የባሩድ ሚዛኑም አንድ ቦታ አይረጋም። ዝግጁ ጠረጴዛ ልግዛ ወይስ ልሥራ? ቁመቱስ ምን ያህል ይሁን? ሁለት ትንንሽ ልጆች ስላሉን ባለቤቴ ነገሩን አልወደደችውም። ቢመክሩኝ።»

ወንድሜ፣ ሙያዬ አናጢነት ነው። የተማርኩት አዲስ አበባ በአባቴ ሥራ ቤት ነው፤ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላም ኑሮዬ ከእንጨት አልወጣም። ቀለህ መሙላት የጀመርኩት አደን ከወደድኩ ወዲህ ነው፤ ስለዚህ የጠየቅኸኝ ነገር ሁለቱም እጆቼ የሚያውቁት ነው። ባለቤትህ ያነሣችውን ሥጋት አልዘለውም። የጠረጴዛውን ቦታና ላዩን የሚወስነው እርሱ ስለሆነ ስደርስበት በሰፊው እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ላስተካክል። ሰው ጠንካራ ጠረጴዛ ሲል ብዙ ጊዜ የሚያስበው ብዙ ክብደት የሚሸከም ጠረጴዛ ነው። የአንተ ጠረጴዛ ግን ክብደት አይሸከምም ማለት ይቻላል፤ ፕሬሱ ቢበዛ 10 ኪሎ ነው። የሚፈለግበት አለመነቃነቅ ነው። አለመነቃነቅ የሚፈለገውም ለምቾት አይደለም፤ እጅህ እንዲሰማው ነው። የተተኮሰ ቀለህ በተኩሱ ግፊት ያብጣል፤ ፕሬሱ ዳይ በሚባል የብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ እየጨመቀ ወደ ቀድሞ ልኩ ይመልሰዋል። ቅባት ያነሰው ቀለህ በዳዩ ውስጥ ሊቀረቀር ሲል፣ ሙሉ በሙሉ ከመያዙ በፊት፣ እጀታው ላይ እንደ መጎርበጥ ያለ ስሜት ይመጣል። ያን ጊዜ ካቆምክ ቀለሁን መልሰህ ታወጣዋለህ፤ ካላቆምክ ሙሉ ቀኑን ቀለህ ከዳይ ስታወጣ ትውላለህ። ካፕሱል፣ ባሩዱን የሚለኩሰውን ትንሽ ቆብ፣ ስታስገባም እንዲሁ ነው። ካፕሱሉ በጉድጓዱ ውስጥ ታች ደርሶ፣ ከቀለሁ ወለል ጥቂት ዝቅ ብሎ መቀመጡን መጀመሪያ የሚነግርህ ጣትህ ነው፤ ዓይንህ የሚያረጋግጠው ከዚያ በኋላ ነው። ጠረጴዛው ሲወዛወዝ ይህ ሁሉ ስሜት በእንጨቱ መወዛወዝ ውስጥ ይጠፋል። በሚንቀሳቀስ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ሰው ጓንት አድርጎ የሐር ጨርቅ እንደሚዳስስ ሰው ነው።

አሁን የኋላ እግሮቹ ለምን እንደሚነሡ በሂሳብ እንየው፤ ምክንያቱ ከገባህ የሚቀረው ሥራ ቀላል ነው። በፕሬሱ ውስጥ ቀለሁን የሚጨምቀው ኃይል በጣም ትልቅ ነው፤ ነገር ግን የሚያርፈው በራሱ በፕሬሱ የብረት አካል ላይ ነው፤ ወደ ጠረጴዛው አይደርስም። ወደ ጠረጴዛው የሚደርሰው የእጅህ ጉተታ ብቻ ነው። 30 ኪሎ በሚያህል ጉልበት ትጎትታለህ እንበል። እጅህ ከጠረጴዛው ጠርዝ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ወጥቷል። የቢሮ ጠረጴዛ ላዩ ብዙ ጊዜ ከእግሮቹ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አልፎ ስለሚወጣ፣ ከፊት እግሮቹ ስንለካ እጅህ 40 ሴንቲ ሜትር ርቋል። 30 በ40 ሲባዛ 1,200 ይሆናል፤ ጠረጴዛውን ወደ አንተ የሚገለብጠው ይህ ነው። የሚይዘው ደግሞ የራሱ ክብደት ነው። ጠረጴዛው 30 ኪሎ ቢሆንና ክብደቱ ከፊት እግሮቹ በአማካይ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢያርፍ 900 ብቻ ነው። 1,200 ከ900 ስለሚበልጥ እግሮቹ ይነሣሉ።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገር ታገኛለህ። አንደኛ፣ የፊት እግሮቹ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር እኩል መሆን አለባቸው፤ ላዩ በፊት በኩል አይትረፍ። ሁለተኛ፣ ክብደቱ ከታችና ከኋላ ይሁን። ከዚህ በታች የምነግርህ ጠረጴዛ 80 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ እግሮቹ ከጠርዙ እኩል ስለሆኑ የሚገለብጠው ኃይል ወደ 900 ይወርዳል፤ የሚይዘው 2,400 ይደርሳል። በታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከኋላ በኩል፣ እያንዳንዳቸው 50 ፓውንድ የሆኑ ሁለት የአሸዋ ከረጢቶች ብታስቀምጥ ሌላ 2,000 ያህል ትጨምራለህ። ግድግዳ መብሳት ለማይፈቀድለት ተከራይ ይህ ትልቅ መፍትሔ ነው።

ልግዛ ወይስ ልሥራ ላልከው፣ መጋዝና መሰርሰሪያ ካለህ ሥራው። የምትገዛ ከሆነ ግን ሣጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር አያታልልህ። «1,000 ፓውንድ ይሸከማል» የሚለው ከላይ ወደ ታች ስለሚጫን ክብደት ነው፤ ወደ ጎንና ወደ ፊት ስለመወዛወዝ ምንም አይናገርም። መደብሩ ውስጥ ተሰብስቦ የቆመውን ጠረጴዛ አንዱን ማዕዘን በአንድ እጅህ ይዘህ በርዝመቱ አቅጣጫ ግፋና ሳብ። ከተወዛወዘ ተወው፤ ቤትህ ሲገባ አይሻሻልም። ቁመታቸው ከፍና ዝቅ የሚል እግሮች ያሏቸውን፣ ላያቸው ከቺፑድ ወይም ውስጡ ባዶ ከሆነ ሰሌዳ የተሠራውን፣ ፕሬሱ በሚታሰርበት ቦታ ከሥር መሳቢያ ያለባቸውን አልመክርህም። መሳቢያው ብሎኑን የምታጠብቅበትን ቦታ ይዘጋብሃል። ከድሮ ትምህርት ቤት የወጣ የሜፕል የሥራ ጠረጴዛ በርካሽ ካገኘህ ግን አትለፈው። ቀለም የተቀባ ከሆነ ብቻ ተጠንቀቅ፤ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ያለበት የቤት ቀለም በአሜሪካ የታገደው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባውን በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ልጆች ባሉበት ቤት የማይታሰብ ነው።

ስለ ቺፑድ አንድ ነገር ልንገርህ። የመጀመሪያ ፕሬሴን ያሰርኩት በአንድ የቺፑድ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ከላይ በአራት የእንጨት ብሎን ጠምጥሜ ጨረስኩ። ሁለት ሳምንት ደህና ሠራ። በሦስተኛው ሳምንት እጀታውን ስጎትት የኋላዎቹ ሁለት ብሎኖች ከነዙሪያቸው ዱቄት መስለው ወጡ፤ ፕሬሱ ወደ እኔ አጎነበሰ፣ ክፍት የነበረው የባሩድ ሣጥንም ወለሉ ላይ ተደፋ። እሳት አልነበረም፤ ምንም አልሆንኩም። ግን ሃያ ዓመት እንጨት የሠራ ሰው ያን ስሕተት በመሥራቱ ብዙ ጊዜ ቆጨኝ።

ምክንያቱን በኋላ አሰላሁት። የፕሬሱ የኋላ ብሎኖች ከጠረጴዛው ጠርዝ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ወደ ኋላ ናቸው። 30 ኪሎ በ30 ሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ8 ሲካፈል 112 ኪሎ ይሆናል። እነዚያን ሁለት ብሎኖች በእያንዳንዱ ጉተታ ወደ ላይ የሚነቅላቸው ኃይል ይህ ነው፤ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ጊዜያት፣ አንዴ ሲጎተት አንዴ ሲለቀቅ። ቺፑድ ይህን አይችልም። ጠንካራ እንጨትም ቢሆን በእንጨት ብሎን ብቻ እያደር ይላላል። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች የሚያልፍ ብሎን፣ ከሥር ሰፊ ሮንዴላ፣ ከዚያም ውስጡ ናይለን ያለበት ዳዶ ተጠቀም። ከሮንዴላ የሚበልጥ አማራጭ ደግሞ አለ፦ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳፍ ስፋት ብረት ከጠረጴዛው ሥር አድርገህ አራቱንም ብሎኖች በእርሱ ውስጥ ማሳለፍ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የጭቃ ቤት ሲሠራ አይተህ ታውቃለህ? ቋሚው ተተክሎ ማገሩ ከተመታ በኋላ፣ ጭቃው ሳይለጠፍ፣ አጽሙን በእጅህ ብትገፋው ይወዛወዛል። ጭቃው ተለጥፎ ሲደርቅ ግን ያው ቤት አይነቃነቅም። የጨመርከው ምሰሶ የለም፤ የተጨመረው በቋሚና በማገር መካከል ያለውን ባዶ አራት ማዕዘን የሞላ ሰሌዳ ነው። አራት ማዕዘን ሲገፉት ይዘማል፤ ውስጡ ሲሞላ ወይም በሰያፍ ሲታሰር አይዘምም። ብዙ ሰው ጠረጴዛው ሲወዛወዝ እግሩን ያወፍራል። አያት ቅድመ አያቶቻችን የጭቃ ቤት ሲሠሩ የሚያውቁት መልስ ግን ሌላ ነው፦ ጀርባውን ዝጋው።

የምትገዛው ሁለት ሉክ ኮምፔንሳቶ ነው፦ አንዱ 18 ሚሊ ሜትር፣ አንዱ 12 ሚሊ ሜትር። በአሜሪካ የአንዱ ሉክ መጠን 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ነው። በርዝመቱ መሐል ለመሐል ሲሰነጠቅ 61 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ሰሌዳዎች ይወጡታል፤ ሁለቱንም በ183 ሴንቲ ሜትር ቁረጣቸው። ብዙ የእንጨት መደብሮች እዚያው ይቆርጡልሃል፤ መኪናህም ውስጥ ይገባል። ከ18ቱ የወጡት ሁለቱ ሰሌዳዎች ተደራርበው የጠረጴዛው ላይ ይሆናሉ፤ ከ12ቱ የወጡት አንዱ ጀርባ፣ ሌላው መደርደሪያ። ለአጽሙ «ሁለት በአራት» የሚባለውን እንጨት፣ 8 ጫማ የሆነውን፣ 12 ግዛ። ዘጠኝ ወይም ዐሥር ይበቃሉ፤ ግን በመደብሩ ውስጥ እያንዳንዱን በጫፉ በኩል እያየህ ብትመርጥም አንዱ ሁለቱ ቤት ገብቶ ሲደርቅ ይጠማዘዛል። ስሙ ሁለት በአራት ይባል እንጂ እውነተኛ ልኩ 3.8 በ8.9 ሴንቲ ሜትር መሆኑን አትርሳ፤ በስሙ አስልቶ የቆረጠ ብዙ ሰው አውቃለሁ። «አራት በአራት» ለእግር ያምራል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይሸጣልና ሲደርቅ ይጠማዘዛል፤ ይሰነጠቃልም። ሁለት ባለ «ሁለት በአራት» እንጨት አጣብቀህ የምትሠራው እግር ከእርሱ ይሻላል።

የእግሩ አሠራር የዚህ ጠረጴዛ ልብ ስለሆነ ቀስ ብለህ አንብበው። ቁመቱ 97 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ፈለግን እንበል። ላዩ 3.6 ነው፤ ስለዚህ እግሩ 93.4 ይሆናል። አንዱን እንጨት ሙሉውን 93.4 ቁረጥ። በእርሱ ፊት ላይ የምትለጥፈውን ሁለተኛውን እንጨት ግን በሁለት ቁራጭ አድርገው፦ የታችኛው 27 ሴንቲ ሜትር፣ የላይኛው 48.6። የታችኛውን ከወለሉ ጀምረህ በኮላና በብሎን ለጥፍ፤ ከዚያ የአንድ ማገር ስፋት፣ 8.9 ሴንቲ ሜትር፣ ክፍት ተው፤ 48.6ቱን ለጥፍ፤ ከእርሱ በላይ እስከ ጫፍ የሚቀረው እንደገና 8.9 ነው። ይኸውልህ፣ ሁለት ቤት ያለው እግር ሆነ። 183 ሴንቲ ሜትር የሆኑት አራት ረጃጅም ማገሮች በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ይገባሉ። ማገሩ በብሎን አይንጠለጠልም፤ በእንጨቱ ትከሻ ላይ ይቀመጣል። ብሎኑ ሥራው ከቦታው እንዳይወጣ መያዝ ብቻ ነው። አባቴ ሚስማር የሚሸከመው ሥራ ሲያይ ፊቱ ይለዋወጥ ነበር፤ «እንጨት እንጨትን ይሸከም» ይል ነበር። እኔም ዛሬ የምሠራው ሁሉ በዚሁ ነው።

ቤቶቹ በውጪው በኩል እንዲውሉ አድርገህ የፊትና የኋላ አጽሞቹን ሁለቱንም ወለል ላይ አስተኝተህ ሥራ። ማገሩ ከእግሩ ፊት ጋር እኩል ሆኖ ይውላል፤ ጀርባውን ስትለጥፍ እግሩንም ማገሩንም የሚነካው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ሁለቱን አጽሞች አቁመህ በ53.4 ሴንቲ ሜትር አግዳሚዎች አገናኛቸው፦ ከላይ አራት፣ ከታች ሦስት። አንዱን የላይኛ አግዳሚ ፕሬሱ በሚቆምበት ቦታ አድርገው። መደርደሪያውን ማዕዘኖቹን ለእግሮቹ ቆርጠህ ከታችኛው ማገር ላይ አስቀምጥ። ጀርባውን ከመምታትህ በፊት የአጽሙን ሁለት ሰያፎች በሜትር ለካ፤ እኩል ከሆኑ ማዕዘኑ ቀጥ ብሏል ማለት ነው፤ ካልሆኑ ረጅሙን ሰያፍ እየገፋህ አስተካክል። ጀርባው አንዴ ከተመታ የተጣመመው እንደተጣመመ ይቀራል። በየ15 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ብሎን ምታበት፤ ከሥሩም ኮላ ይኑር። ይህን ስትጨርስ አንዱን ማዕዘን ይዘህ ግፋው። ከመለጠፉ በፊትና በኋላ ያለውን ልዩነት በእጅህ ስታገኘው ደስታው ሌላ ነው።

የላዩን ሁለት ሰሌዳዎች በኮላ አጣብቅ፤ ኮላውን ጥርስ ባለው መቀቢያ በመላው ፊት ላይ ዘርጋው፤ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ከቀባህ መሐሉ ባዶ ሆኖ እንደ ከበሮ ይጮሃል። ከሥር በኩል በ30 ሚሊ ሜትር ብሎኖች አጥብቀህ አንድ ሌሊት ተወው። ከዚያ በፊት ግን ፕሬሱን ላዩ ላይ አስቀምጠህ ቀዳዳዎቹ የት እንደሚወርዱ ምልክት አድርግ። የፊት ቀዳዳዎቹ በማገሩ መሐል ከወረዱ ዕድለኛ ነህ፤ 15 ሴንቲ ሜትር ብሎን ገዝተህ በማገሩ ውስጥ አሳልፈው፤ ከዚህ የጠነከረ እስር የለም። የማገሩን ጠርዝ የሚበሉ ከሆነ ፕሬሱን አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ግፋው። ቦታው በቀኝ እግር አጠገብ ይሁን እንጂ በጠረጴዛው መሐል አይሁን፤ መሐሉ ከሁሉም በላይ የሚዘምበት ቦታ ነው። ቀኝህ ጎትቶ ግራህ ቀለህ የሚያቀብል ከሆነ ባዶውና የተሠራው ቀለህ የሚቀመጥበት ሰፊ ቦታ በግራህ በኩል ይተርፍሃል። ከፕሬሱ እስከ ጎን ግድግዳው ደግሞ ክርንህ የሚዘረጋበት ቦታ ተው።

ቁመቱን ለምን 97 እንዳልኩህ ላስረዳ። ቆመህ የምትሠራ ከሆነ ክንድህን በዘጠና ዲግሪ አጥፈህ ከወለሉ እስከ ክርንህ ለካ፤ ጠረጴዛው ከዚያ ከ8 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ለ1.75 ሜትር ሰው 97 አካባቢ ይመጣል። ተቀምጠህ መሥራት ከወደድክ ወደ 75 ይወርዳል፤ ግን ተቀምጦ የሚጎትት ሰው በትከሻው እንጂ በሰውነቱ ክብደት አይጎትትም፤ ለአደን ጠመንጃ ረጅም ቀለህ ቆሞ መሥራት ይሻላል። ረጅም በርጩማ ብትጨምርበት ደግሞ ካፕሱል የምታስገባበትና የምትመዝንበትን ጊዜ ቁጭ ብለህ ታሳልፋለህ።

ስለ ሚዛኑ። ባሩድ የሚመዘነው በግሬን ነው፤ አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬን ነው፤ አንድ ግሬን 65 ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም። ይህን የሚለይ ሚዛን በምትጎትተው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይረጋል ብለህ አትጠብቅ፤ ጠረጴዛው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን። ለሚዛኑ ብቻ የሚሆን ትንሽ መደርደሪያ፣ በዓይንህ ትክክል፣ ጠረጴዛውን ሳይነካ ግድግዳው ላይ አድርግለት። እዚህ አገር የግድግዳ ቋሚዎች ብዙ ጊዜ በየ40.6 ሴንቲ ሜትሩ ነው የሚገኙት፤ ብሎንህ ቋሚውን ያግኝ እንጂ በጂፕሰሙ ላይ ብቻ አይታመን። የማሞቂያው አየር ማውጫ በቀጥታ የሚነፍስበትን ቦታ ሽሽ፤ የትንፋሽ ያህል ነፋስ የሚዛኑን ክንድ ያነሣዋል።

ጋራዥ ውስጥ ከሆነ ሌላ ነገር አለ። የጋራዥ ወለል ውሃ እንዲፈስ ወደ በሩ ዘንበል ተደርጎ ነው የሚፈሰሰው። ጠረጴዛህን ካቆምክ በኋላ ውሃ ልክ አስቀምጥበት፤ ዝቅ ባሉት እግሮች ሥር ከጠንካራ እንጨት የተቆረጠ ሽብልቅ በኮላ ምታ። ካርቶን አጣጥፈህ አትወትፍ፤ ካርቶን ስፖንጅ ነው፤ የሠራኸውን ሁሉ ያበላሸዋል። ከግድግዳው ጋር ማሰር ከቻልክ በላይኛው የኋላ ማገር በኩል ወደ ቋሚዎቹ ሁለት ረጃጅም ወፋፍራም ብሎኖች አስገባ፤ የመገልበጡ ነገር ያኔ አበቃ። ግድግዳው ማዶ የልጆች መኝታ ቤት ከሆነ ግን ተወው፤ ድምፁ በእንጨቱ ውስጥ ይሄዳል፤ የአሸዋ ከረጢቱ ይበቃሃል።

ሁሉን ስትጨርስ የምትፈትንበት መንገድ ይኸውልህ። አንድ ብርጭቆ ውሃ እስከ አፉ ሞልተህ ከፕሬሱ ራቅ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥ። አንድ ቀለህ በአግባቡ ቀብተህ በዳዩ ውስጥ አሳልፍ። ውሃው ፊቱ ላይ ቀጭን ሞገድ ካየህ ደህና ነው፤ ወዲያው ይረጋል። ውሃው ከዳር እስከ ዳር ካዘነበለ ወይም ከፈሰሰ የላላ ቦታ አለ፤ ጓደኛህ እጀታውን እየጎተተ አንተ ተንበርክከህ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በጣትህ ዳስሰው። ጣትህ በሁለቱ እንጨቶች መካከል ሲሆን የፀጉር ያህል እንቅስቃሴ እንኳ ይሰማዋል።

አሁን ወደ ባለቤትህ። ልክ ናት፤ ግን ዋናው አደጋ እርሷ የፈራችው ፍንዳታ ላይሆን ይችላል። በተለመዱት ካፕሱሎች ውስጥ እርሳስ ያለበት ውህድ አለ፤ በተተኮሰው ቀለህ ውስጥና በምታወጣው አሮጌ ካፕሱል ውስጥ ያለው ጥላሸትም እርሳስ አለበት። ይህ አቧራ በእጅ፣ በልብስና በጫማ ወደ ቤት ይገባል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2021 በልጆች ደም ውስጥ ትኩረት የሚያሻውን የእርሳስ መጠን ወደ 3.5 ማይክሮ ግራም በዴሲ ሊትር ዝቅ አድርጎታል፤ ለልጆች ምንም ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አለመታወቁንም ይናገራል። ስለዚህ ጠረጴዛው ወጥ ቤት፣ ሳሎን ወይም ምንጣፍ የተነጠፈበት ክፍል አይግባ። ምንጣፍ ይህን አቧራ ይዞ አይለቅም፤ የሚድኽ ልጅ ደግሞ የሚውለው እዚያ ላይ ነው። የጠረጴዛውን ላይ በሦስት ንብር ቫርኒሽ ድፈነው፤ ነጣ ያለ ቢሆን ይሻላል፤ የፈሰሰ ባሩድ በግልጽ ይታይሃል። ሥራ ስትጨርስ በእርጥብ ወረቀት ጥረገው እንጂ በደረቅ ጨርቅ አታራግፈው። በጎኖቹና በኋላው ቀጭን የእንጨት ከንፈር ምታበት፤ የምትንከባለል ካፕሱል ወለል ላይ አትወድቅም፤ ልጅም አያገኛትም። ባሩድ ወይም ካፕሱል ሲፈስ በለስላሳ ብሩሽ ሰብስብ፤ በኤሌክትሪክ መጥረጊያ ከቶ አትንካው፤ በውስጡ የእሳት ብልጭታ አለ።

ቡናህን ከዚህ ጠረጴዛ አርቅ። ቆሎም አይቅረብ። እኔ ማታ ማታ ቆሎ እየቆረጠምኩ መሥራት እወድ ነበር፤ እጄ ከቀለህ ወደ ሳህን፣ ከሳህን ወደ አፍ የሚሄደውን መንገድ አስቤው አላውቅም ነበር። ዛሬ የሥራ ሸሚዜ ጋራዥ ውስጥ ይቀራል፤ እጄን በሳሙና ታጥቤ ነው ልጆቼን የማቅፈው።

ስለ ባሩዱ አቀማመጥ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወፍራም የብረት ሣጥን ውስጥ አጥብቆ በመዝጋት ነው። ጭስ አልባ ባሩድ በክፍት ቦታ ሲቀጣጠል ይነድዳል፤ በጠንካራ ብረት ውስጥ ታፍኖ ሲቀጣጠል ግን ቦምብ ይሆናል። በአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ደንብ መሠረት እስከ 20 ፓውንድ በመጣበት የፋብሪካ ዕቃ እንዳለ መኖሪያ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ እስከ 50 ፓውንድ ግድግዳው አንድ ኢንች ውፍረት ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ፤ ካፕሱል ደግሞ እስከ 10,000። ከተማህ ከዚህ የጠበቀ ደንብ ሊኖራት ስለሚችል የአካባቢህን የእሳት አደጋ ጽሕፈት ቤት ጠይቅ። ከኮምፔንሳቶው የሚተርፍህ ቁራጭ አለ፤ ቁልፍ ያለው የእንጨት ሣጥን ሥራበት፤ በጋዝ ከሚሠራው የውሃ ማሞቂያ ርቆ፣ ቀዝቀዝ ባለና ደረቅ ቦታ ይቀመጥ፤ ካፕሱልና ባሩድም ለየብቻ ይሁኑ። በጠረጴዛው ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ባሩድ ብቻ ይውጣ፤ ስትጨርስ ወደ ራሱ ዕቃ ይመለስ። ብርሃኑንም አትሰስት፤ በእያንዳንዱ ቀለህ ውስጥ ያለውን የባሩድ ከፍታ አጎንብሰህ በዓይንህ ማየት አለብህ፤ መብራቱ ከጀርባህ ከሆነ የራስህ ጥላ ይከልልሃል፤ ግድግዳው ላይ ከፊትህ በላይ ስቀለው።

ለራስህ መጠቀሚያ ቀለህ መሙላት በአሜሪካ የፌዴራል ፈቃድ አይጠይቅም፤ ሞልቶ መሸጥ ግን ፈቃድ ይፈልጋል፤ ለጓደኛ በዋጋ መስጠትንም አትጀምረው። ኢትዮጵያ ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ፣ እዚያ የጦር መሣሪያ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራ ስለሆነ ከዚህ ውስጥ የሚጠቅማችሁ ጠረጴዛው ብቻ ነው፤ ሞርሳ ለማሰር፣ ብረት ለመሞረድ፣ በር ለመላግ እንዲሁ ያገለግላችኋል።

ከሠራኸው ከአንድ ወር በኋላ ዳዶዎቹን ሁሉ እንደገና አጥብቃቸው፤ እንጨቱ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ኮምፔንሳቶውም በሮንዴላው ሥር ጥቂት ይጨመቃል። ኮሎራዶ አየሩ ደረቅ ስለሆነ በመጀመሪያው የብርድ ወቅት አንድ ጊዜ ድገመው። ክርንህ ከወለሉ ስንት እንደሆነ ለክተህ ጻፍልኝ፤ የእግሮቹን ልክ ለአንተ ቁመት አስልቼ እልክልሃለሁ።